ሪፈረንስ ዴስክ ላይ ላለችው እህታችን ምስጋና፣ ለመምህራን ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የግቢያችን መምህራን፣ በተለይ ማስተርስ የምታማክሩ። ስሟን እንዳልጽፍ ስላለችኝ አልጽፍም ግን ላይብረሪ የምትመላለሱ ታውቋታላችሁ፣ ሪፈረንስ ዴስክ ላይ ያለችው እህታችን ናት። የዋለችልኝን ውለታ በአደባባይ ካልተናገርኩ ውስጤ አያርፍም።

የማስተምረው ፐብሊክ ሄልዝ ነው። ዘንድሮ አንድ ተማሪዬ ስለ አገራችን እናቶች ጤና ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ርዕስ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ፈልጎ የሚያጠቃልል ጥናት) ሊሠራ ፐብመድ የሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ላይ ቢፈልግ ቢፈልግ የሚረባ ነገር አጣና በቃ የተሠራ ጥናት የለም ብለን ርዕስ ልንቀይር ስንል እስቲ መጀመሪያ እሷ ትየው ብዬ ይዤው ሄድኩ። ገና ቁጭ ሳንል "ደብረ ብርሃንን በእንግሊዝኛ እንዴት ብለህ ነው የጻፍከው?" አለችው። ለካ አንዱ ቤርሃን ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ቢርሃን፣ ጎንደርም መቀሌም እንደዛው ነው፣ እኛ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዘን የቀረውን ሁሉ ስንጥለው ነበር። ወረቀት አወጣችና የየከተማውን አጻጻፍ በሙሉ በ"ኦር" ("ወይም" እንደማለት ነው) እያያያዘች ደረደረችው፣ ከዛ እሱ ራሱ ኪቦርዱ ላይ እንዲጽፈው አደረገች፣ ስክሪኑ ላይ ርዕሱ እየበዛ ሲመጣ የልጁን ፊት ብታዩት! የፈለገበትን ቀንና የተጠቀመበትን ቃል ሁሉ መዝግብ፣ ሜቶድስ (የጥናቱ ዘዴ) ክፍል ላይ ይገባል ያለችውም እሷ ናት። እኔ አማካሪው ያንን አልነገርኩትም ነበር።

ሌላው ሂናሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች በነፃ የሚያነቡበት ፕሮግራም ነው። ስንት ዓመት ውጭ ያሉ ጓደኞቼን "እቺን ፒዲኤፍ አውርዱልኝ" እያልኩ ሳስቸግር ፓስወርዱ እዚሁ እሷ ጋ ነበር። እርሻ ላይ ያላችሁ ደግሞ አጎራ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለላችሁ፣ ጠይቋት።

በሦስት ቀን "ጽሁፍሽን ተቀብለናል፣ ዶላር ላኪ" የተባለች ተማሪዬንም ብሯን ሳትከፍል ያዳነቻት እሷ ናት፣ የጆርናሉ መለያ ቁጥር (ISSN) የሌላ ጆርናል ሆኖ ተገኘ፣ ለካ የውሸት ጆርናል ነው።

ጥቆማዬ ምን መሰላችሁ፣ ተማሪው ሲጨንቀው ብቻ አትላኩት፣ ኮርስ አውትላይን ስታወጡ ራሳችሁ ሄዳችሁ አማክሯት። እኛ የሪሰርች ሜቶድስ ኮርስ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሰጠናት፣ አሳይመንቱን አብረን አወጣን፣ የሰርች ክፍሉን የምታርመውም እሷ ናት። ልጆቹ የሚያመጡት ፕሮፖዛል ካምናው ጋር አይገናኝም። ስትሄዱ ግን ትንሽ ቀደም ብላችሁ ርዕሱን ላኩላት፣ ተዘጋጅታ ነው የምትጠብቃችሁ። የዲፓርትመንት ኃላፊዎችም ይሄ የማስተማር ሥራ ነውና እንደ ማስተማር ይቆጠርላት፣ እለምናችኋለሁ።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ በሚቀጥለው ወር ዲፌንድ ያደርጋል፣ ምስጋናው ገጽ ላይ ስምሽን ከኔ ስም በላይ አስቀምጦታል፣ እሱን ግን እንዳታስወጪው።