ኬንዶ ያስጀመሩንን ሴንሴይ ላመስግን

ዛሬ ኬንዶ የሚባለውን የጃፓን የሰይፍ ስፖርት ያስጀመሩንን ሰው ላመስግን ነው የመጣሁት። ቶኪዮ ለምትኖሩ፣ በተለይ እንደ እኔ ካትሱሺካ ወረዳ ላላችሁ ሐበሾች ደግሞ ጥቆማም ይሁናችሁ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ዝምተኛ ነው። ጥፋቱ የእኔም ይመስለኛል። የአፓርታማችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ አፉን ከፈታ ጀምሮ «ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ባለፈው ዓመት የክፍል ጓደኛው ኬንዶ ልምምድ ይዞት ሄደ። ማታ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «እማዬ፣ እዚያ እኮ መጮህ ይፈቀዳል!» አለኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ እኔው ራሴ ይዤው ሄድኩ።

ቦታው የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። አስተማሪው ሰባዎቹን የጀመሩ አባት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ሴንሴይ (በጃፓንኛ መምህር ማለት ነው) እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያው ነው። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «አበበ!» አሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ልጅ ነበሩ። ኮሹ ካይዶ ጎዳና ዳር ቆመው አበበ ቢቂላ ሲያልፍ በዓይናቸው አይተዋል።

መጀመሪያ አካባቢ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቀው። በሦስተኛው ሳምንት ሴንሴይ አንድ ሺናይ ይዘው መጡና «እጅሽ ባዶ ነው» አሉኝ። እንዲህ ነው የጀመርኩት። በ38 ዓመቴ።

ሺናይ የምንለው የልምምዱ ሰይፍ ነው። አራት የቀርከሃ ፍላጮች ተገጣጥመው በቆዳና በክር ይታሰራሉ። የአዋቂው ርዝመቱ እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሴቶቹ ቢያንስ 440 ግራም፣ የወንዶቹ 510 ግራም መመዘን አለበት። ስታነሱት ምንም አይከብድም። መቶ ጊዜ ስትሰነዝሩት ግን ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ጉልበቱ ያለው በግራ እጅ ነው፣ ያውም በትንሿና በቀለበት ጣት። ቀኝ እጅ አቅጣጫ ነው የሚያሲዘው። ይህን የነገሩኝ በቃል አይደለም። ቀኝ እጄን ጀርባዬ ላይ አስደርገው ብዙ ጊዜ በግራ ብቻ አሰነዘሩኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ግን ዋናው ትምህርት እግር ነበር። ባዶ እግር፣ ቀኙ ከፊት፣ የግራ ተረከዝ ከወለሉ ትንሽ ብድግ። ከዚያ ሳያነሱ ማንሸራተት ነው። የግራ ውስጥ እግሬ ውሃ ቋጠረ። ሴንሴይ አይተው በፕላስተር እንዴት እንደሚጠቀለል አሳዩኝና፣ በዚያ ቀን ቁጭ ብዬ የሌሎቹን እግር ብቻ እንድመለከት አደረጉ። ከዚያ ቀን የበለጠ የተማርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስለ ጩኸቱም ልንገራችሁ። በኬንዶ ዝም ብሎ የመታ ነጥብ አያገኝም። ድምፅ፣ ሰይፍና ሰውነት በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። የምትመታውን ቦታ ስሙን እየጠራህ ነው የምትመታው፤ ራስ ከሆነ «ሜን!»፣ የእጅ አንጓ ከሆነ «ኮቴ!»። ሽለላና ፉከራ የሰማ ሐበሻ ነገሩ አይጠፋውም። ከመታህም በኋላ ለሚቀጥለው ዝግጁ ሆነህ ካልቆምክ አይቆጠርልህም፤ በደስታ እጅህን ከሰቀልክ ደግሞ ያገኘኸው ነጥብ ይሰረዛል። ከልጄ መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሹክሹክታ ነበር። ሴንሴይ አልተቆጡትም፣ አላጣደፉትምም። አዳራሹ ጥግ አቁመውት እሳቸው ወደ ሌላው ጥግ ሄዱና «እዚህ ድረስ አሰማኝ» አሉት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሰኔ ላይ አንድ ማታ «ሜን!» ሲል ጣሪያው አስተጋባ። የልጄን ድምፅ ያን ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። እንባዬ መጣ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ትጥቅ ለመግዛት አትቸኩሉ ብለውን ነበር። እኔ ግን ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ሙሉ ትጥቅ አይቼ ለልጄ አዘዝኩ። የራስ መከላከያው ሰፋበትና ሲሮጥ ፍርግርጉ ዓይኑ ላይ ይመጣል። ሻጩ አልመልስም አለኝ። ለካ ራስ በሁለት በኩል ነው የሚለካው፤ በግንባር ዙሪያ፣ እና ከአገጭ ሥር እስከ አናት። ሴንሴይ ነገሩን ሲሰሙ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ከክበቡ ዕቃ ቤት ልኩ የሆነውን አውጥተው፣ ገመዱን ራሳቸው አስረው አዋሱት። እስካሁን ያንን ነው የሚለብሰው።

ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው።

ሴንሴይ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ። ልጆቹ ሺናያቸውን አንድ በአንድ ይሰጧቸዋል። ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እያንዳንዱን ፍላጭ ከጫፍ እስከ እጀታ በቁራጭ ጨርቅ ይዳብሱታል። ጨርቁ ከያዘ ስንጥር አለ ማለት ነው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የሚወጣ ስንጥር በራስ መከላከያው ፍርግርግ አልፎ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስንጥሩ ትንሽ ከሆነ ክሩን ይፈቱታል፣ በቢላ ይልጉታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ ዘይት ቀብተው መልሰው ያስሩታል። ፍላጩ ከተሰነጠቀ ይጥሉትና ከሌላ አሮጌ ሺናይ ደህናውን አውጥተው ይተኩታል። አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ዘገየን፤ ማንም ሺናይ አላነሳም። እሳቸው እስኪጨርሱ ልጆቹ እግር ተለማመዱ።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈላቸው የለም። የምናዋጣው ወርሃዊ ገንዘብ ለአዳራሹና ለክበቡ ዕቃ ነው የሚውለው። የ7ኛ ዳን ባለማዕረግ ናቸው። 8ኛው የመጨረሻው ነው፤ ለመፈተን 46 ዓመት መሙላት፣ ከ7ኛው በኋላም 10 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ከመቶ ተፈታኝ አንድ ሰው ገደማ ነው የሚያልፈው። ሴንሴይ ደጋግመው ተፈትነው ወድቀዋል፣ ዘንድሮም ይፈተናሉ። ይህንን ለልጆቹ በግልጽ ነግረዋቸዋል።

ሴንሴይ፣ ልጄ ይህን ወደ ጃፓንኛ መልሶ ያነብልዎታል። ልጄን ስለጠበቁልኝ፣ ድምፁን ስላወጡልኝ፣ ለእኔም ሺናይ ስላስያዙኝ፣ በአገሬ ደንብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ሌላ ከተማ ያላችሁ፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አንድ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አስተማሪው ሺናይ ይፈትሻል ወይ? ጀማሪውን ማን ያየዋል? ደህና ክበብ ማየት አይከለክላችሁም።

እዚሁ ካትሱሺካ ላላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ልምምዱ ረቡዕና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጃፓንኛ ባትችሉ እኔ አስተረጉማለሁ። ለመጀመሪያ ቀን ምንም አትግዙ። ቱታና ፎጣ ይበቃል፣ የእግር ጥፍራችሁን ብቻ ቆርጣችሁ ኑ።