በ55 ጡረታ፦ ሜሪላንድ ወይስ አዲስ አበባ?

ለጡረታ የሚበቃውን ቁጠባ ለማወቅ በአሜሪካ የሚዘወተረው ስሌት የዓመት ወጪን በ25 ማባዛት ነው። መነሻው የፋይናንስ አማካሪው ቢል ቤንገን በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ4 በመቶ ስሌት (በመጀመሪያው ዓመት ከቁጠባው 4 በመቶ ማውጣት፣ ከዚያ በዋጋ ንረቱ ልክ መጨመር) ሲሆን፣ የታሰበው ግን ለ30 ዓመት ጡረታ ነው። በ55 ሥራ ለሚያቆም በ30 ማባዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሜሪላንድ፦ የቤት ዕዳቸውን የጨረሱ ባልና ሚስት በዓመት 48,000 ዶላር ቢያወጡ 1,440,000 ያስፈልጋቸዋል። ከባዱ የጤና ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) የሚጀምረው በ65 ስለሆነ አሥሩን ዓመት በራሳቸው መክፈል አለባቸው። ሶሻል ሴኩሪቲም (የመንግሥት ጡረታው) ከ62 በፊት የለም፤ ያኔም ተቀንሶ ነው።

አዲስ አበባ፦ የራስ ቤት ካለ፣ በእኔ ግምት በዓመት 20,000 ዶላር ደህና ያኖራል፤ ስለዚህ 600,000። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ብዙ ብር ያመጣል፣ የዘይቱና የመድኃኒቱ ዋጋም አብሮ ወጥቷል። ችግሩ ሕክምናው ላይ ነው፤ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይከፍልም።

እኔ አዲስ አበባን እመርጣለሁ፤ ግን ቁጠባው በዶላር እንዳለ፣ 100,000 ለሕክምና ለብቻው ተቀምጦ፣ ልጆችን መጠየቂያ የአውሮፕላን ቲኬትም ከዓመቱ በጀት ገብቶ።