ውሻ ፈትቶ ማራመድ ለምትፈልጉ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በዙሪያው ውሻ የምናሳድግ ጎረቤታሞች ለውሻ አሰልጣኛችን የምናቀርበው ምስጋና ነው። ስሙን አደባባይ ላይ አናወጣም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልንና እናገናኘዋለን።

ሰው የሚደውልለት "ውሻዬ ያለ ገመድ እንዲሄድ አድርግልኝ" ብሎ ነው። እሱ ግን መጀመሪያ የሚያመጣው ሌላ ገመድ ነው፤ 10 ሜትር የሚሆን ቀላል ገመድ። የሚያስረውም ከደረት ማሰሪያው ላይ ነው፤ ውሻው በሙሉ ሩጫ ሄዶ ገመዱ ቢያልቅበት አንገቱ እንዳይጎዳ። ገመዱ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይከተላል፣ ጫፉን በእግር መርገጥ ይበቃል። እጅ ላይ መጠቅለል ክልክል ነው፤ ትልቅ ጀርመን ሼፐርድ ድንገት ሲፈናጠር ጣት ይሰብራል።

ለመጥሪያ ፊሽካ ይጠቀማል፣ ምክንያቱም ውሻው ከሌላ ድምፅ ጋር አያምታታውም። "ና" ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ቃል ነው፤ እናት ልጇን፣ ደንበኛ ሊስትሮውን፣ ዘበኛው ጓደኛውን የሚጠራበት። ውሻው ሲሰማው ስለሚውል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ አንዱ "ና"፣ ሌላዋ "ነይ ማሚ"፣ ልጆቹ ስሙን አሥር ጊዜ። ሁለት አጭር የፊሽካ ድምፅ ግን ከማንም አፍ አይወጣም። ከፊሽካው ቀጥሎ ሁልጊዜ ሥጋ አለ፤ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁራጭ። መጀመሪያ ሳሎን፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ጭር ያለ መንገድ። አሥር ጊዜ ከጠራው ዘጠኙን መልሶ ይለቀዋል። ፊሽካ ማለት "ጨዋታው አበቃ፣ ቤት ግባ" ከሆነ ውሻው በጥቂት ቀን ይነቃና ርቆ መቆም ይጀምራል።

ሥጋው ሳንባም ጉበትም ሊሆን ይችላል፣ ግን በደንብ የተቀቀለ። የበዓል በግ ታርዶ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ሲገኝ በጥሬው ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። የዚያ ከረጢት ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል።

ከሌላ ውሻ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው ሙያው የሚታየው። ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ሁለት ውሾችን ፊት ለፊት ማምጣት፣ በዚያ ላይ ገመድ ወጥሮ መያዝ፣ ጠብ መጋበዝ ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ውሻው ደረቱን ነፍቶ፣ አፍጥጦ ይቆማል፣ ሌላው ደግሞ ያንን እንደ ዛቻ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ፣ በ20 ሜትር ያህል ርቀት ጎን ለጎን ያስኬዳቸዋል። ሰውነታቸው ሲላላና መሬት ማሽተት ሲጀምሩ ርቀቱን ቀስ በቀስ ያጠባል። ሲገናኙም በቅስት ዞረው፣ ከኋላ እንዲሸታተቱ ይፈቅዳል፤ ሦስት ቆጥሮ ፊሽካ ይነፋል። ሦስት ሰከንድ ለትውውቅ ይበቃል፣ ለጠብ ግን ያንሳል።

ጅራት መወዝወዝ ሁሉ ደስታ አይደለም። ጅራት ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ አፍ ሲገጠም፣ የጀርባ ፀጉር ሲቆም፣ ዓይን ሳይነቀል ሲያፈጥ ያኔ መለያየት ነው።

የበር ውሾች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቀን ቀን አጭር ሰንሰለት ላይ የዋለ የግቢ ውሻ ማታ ሲፈታ፣ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ሁሉ የእሱ ነው። የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ያሉትም እንዲሁ። አሰልጣኛችን ውሻውን ያስርና ወደ ማዶ ተሻግሮ፣ ሳይሮጥ ያልፋል፤ የሚጮኹት አብዛኛውን ጊዜ ወሰናቸው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሁላችንም የለመድነው ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት እነሱን ያባርራል፣ እውነት ነው፣ ግን የራሳችሁንም ውሻ ያነሳሳዋል። እሱ በእናንተና በእነሱ መካከል ገብቶ መቆምን ይመርጣል።

መቼም የማይፈታባቸው ቦታዎች አሉ፦ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አካባቢ፣ የአስፋልት ዳር፣ የበዓል ሰሞን በግ የሚነዳበት መንገድ። የተሻለው ቦታ ወደ እንጦጦ ያለው የባሕር ዛፍ ግርጌ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሳይነጋ አይሄድም፣ ጅብ ገና አልገባም። ሲመለሱ ጆሮ ሥርና በጣቶች መካከል መዥገር ይፈለጋል። ሴት ውሻ በስሪያ ወቅት፣ ማለትም ሦስት ሳምንት ያህል፣ ጨርሶ አትፈታም። "ተው" የሚለውን ትእዛዝ ያላወቀ ውሻም አይፈታም፤ መንገድ ላይ የወደቀ ቅንጥብጣቢ መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

የክትባት ካርድ ሳያይ ሥራ አይጀምርም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውሻው ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ በሐኪሙ ቀጠሮ። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የማያውቁት ውሻ ከሆነማ አያከራክርም።

ቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ፣ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይመችም። አንዳንዱን ውሻ "ይህ ዕድሜ ልኩን በረጅም ገመድ ይሂድ" ብሎ ይመልሰዋል፣ ገንዘብም አይቀበልም። እኛ ይህንን ከሙያው ሁሉ በላይ ወደንለታል።

የምትደውሉለት ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ቀን ውሻውን ቁርስ ሳታበሉ ጠብቁት፤ ሥጋውን ቀቅላችሁ፣ በሽምብራ ልክ ከትፋችሁ፣ በላስቲክ አዘጋጁ። ውሻውን በየቀኑ የሚያራምደው ዘበኛው ከሆነ ደግሞ እሱም ይገኝ፤ ፊሽካውን የሚነፋው እሱ ነውና።