ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው የማታ ልብስ ስፌት ሥልጠና

«ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲባል «ልብስ ሰፊ» ያለ ልጅ ብርቅ ነው፤ መልሱ ዶክተር ወይ ፓይለት ነው። እዚህ ክፍል የሚቀመጡት ግን ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚጠብቁና ከቢሮ ወጥተው የሚመጡ ናቸው።

ትምህርቱ ክር በሌለው መርፌ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር በመስፋት ይጀምርና ወደ ልኬትና በአቡጀዴ ቅድ ይሄዳል። ብዙው የሚበላሸው ቅድ ላይ ነው፤ ለስፌት 1.5 ሳንቲ ሜትር ሳይተርፍ የተቆረጠ ቀሚስ ለባለቤቱ አይሆንም። የአሠልጣኟ ጥንካሬ የብልሽትን መንስኤ ማስተማሯ ነው። ክር ከጨርቁ ሥር ሲጠላለፍ ሁሉም የታችኛውን ክር ይነካካል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር በመወጠሪያው በትክክል አለማለፉ ነው። ስፌት ከዘለለ መርፌው ጎብጧል ወይም ዞሮ ገብቷል። ለስስ ጨርቅ 11፣ ለመካከለኛ 14፣ ለጅንስ 16 ቁጥር መርፌ ነው። በ11 ጅንስ መስፋት መርፌ መስበር ነው።

ጉድለቱ፣ ማሽኖቹ ሁሉ የእግር ናቸው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር ላሰበ አይበቃም፤ የፋብሪካው የሞተር ማሽን ላልለመደው እጅ ጨርቁን ይነጥቃል። የራሱን ሱቅ ለሚከፍት ግን፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ክፍያ መካተቱን ሳትጠይቁ ብር እንዳትሰጡ።