የአደንና የዓሣ ማስገር ትረካዎች፦ የትኛውን እንግዛ?

ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚወስደው መንገድ፣ በመጽሐፍ አዟሪዎች ክምር ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ የታተሙ የቆዩ የአደን ትረካዎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ፤ ገዢው ግን ሽፋናቸው ላይ አውሬና ጠመንጃ ስላየ ብቻ ሁሉም አንድ መስለውት እጁ የገባለትን ይዞ ይሄዳል። እኔ የምለያቸው ደራሲው ከተኩሱ በፊት ስላለፈው ጊዜ ምን ያህል ይነግረናል በሚል መመዘኛ ነው። በእኛ ዘንድ ፉከራው የሚሰማው ግዳይ ከተጣለ በኋላ ስለሆነ፣ አዳኙ ዱካ ሲከተልና አድፍጦ ሲጠብቅ ያሳለፋቸው ቀናት ሳይነገሩ ይቀራሉ።

በዚህ መመዘኛ ቀዳሚው የጂም ኮርቤት «የኩማኦን ሰው በላዎች» ነው። በ1944 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው ይህ መጽሐፍ በሰሜን ሕንድ ተራሮች ሰው መብላት ስለለመዱ ታይገሮች ይተርካል፤ ታይገር ስል እኛ ነብር ከምንለው ባለ ነጠብጣብ አውሬ የሚለየውን ባለ ሸንተረሩን ማለቴ ነው። ኮርቤት እንደጻፈው 436 ሰዎች የገደለችውና እርሱ በ1907 የጣላት የቻምፓዋት ታይገር በቀኝ በኩል ያሉት ክራንቻዎቿ ቀደም ሲል በጥይት ተሰብረው ስለነበር የለመደችውን አውሬ ማደን ተስኗት ወደ ሰው ዞራለች። የዚያ ሁሉ ሞት መነሻ የአንድ ሰው የሳተ ተኩስ መሆኑን አዳኙ ራሱ ሲመሰክር ማንበብ ለእኔ ከማንኛውም ጀብዱ ይበልጣል። የፓተርሰን «የጻቮ ሰው በላዎች» (1907) በተቃራኒው፣ በ1898 የኬንያን የባቡር ድልድይ ሠራተኞች ያሸበሩት ሁለት አንበሶች እስኪሞቱ ድረስ ልብ ይሰቅላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተራ የአደን ጉዞ ይለወጣል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚገዛ ኮርቤትን ይግዛ።

ሰውን ማወቅ የሚሻ ገዢ የቱርጌኔቭን «የአዳኝ ማስታወሻዎች» (1852) ይምረጥ። ወፍ ፍለጋ የወጣው ባለ ርስት በየመንገዱ የሚያገኘው ከመሬቱ ጋር የታሰረውን ገበሬ ነው፤ ይህ ሥርዓት በሩሲያ የተሻረው በ1861 ነበር። የጭሰኛን ኑሮ ከአያቱ አፍ የሰማ አንባቢ መጽሐፉን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከዓሣ ማስገር መጻሕፍት የሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ» (1952) አጭር ነው። 84 ቀን ያለ ዓሣ የዋለው ሽማግሌ ገመዱ እጁን እየቆረጠው የሚያደርገው ትግል በአንድ ቀን ተነቦ ያልቃል፤ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። የአይዛክ ዋልተን መጽሐፍ (1653) ግን በአሮጌ እንግሊዝኛ የተጻፈ የረጋ ጭውውት ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለብቻው መታየት ያለበት የሳሙኤል ቤከር «የአቢሲኒያ የዓባይ ገባሮች» (1867) ነው። ቤከር በሰቲት (የተከዜ የታችኛው ክፍል) ዳር ያገኛቸው ሐምራን የተባሉ የዓረብ ጎሣ አዳኞች ዝሆንን የሚጥሉት በሰይፍ ነበር፦ አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን በራሱ ላይ ሲያስነሣ፣ ሌላው ከኋላ ጋልቦ ከፈረሱ ይወርድና የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጣል። ደራሲው ስለ አካባቢው ሰዎች የሚናገርበት የንቀት ቃና ያስቆጣል፤ እኔም ብዙ ገጾቹን ያነበብኩት በቁጣ ነው። ቢሆንም በሰኔ 1861 ተከዜ በሚገባበት፣ ያኔ ደርቆ በነበረው የአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ በሌሊት እንደ ነጎድጓድ የሚያስተጋባ ድምፅ ሰምቶ፣ ሲነጋ ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ ታላቅ ወንዝ ከፊቱ ተዘርግቶ ያየበት ክፍል ስለ ተከዜ ካነበብኳቸው ሁሉ በልቤ የቀረ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው ከነካርታው ነበርና፣ በፎቶኮፒ የተባዛ ቅጂ ከቀረበላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው መኖሩን ገልጣችሁ አረጋግጡ፤ ያለ እርሱ የወንዞቹን ስም ከቦታቸው ጋር ማዛመድ ያስቸግራል።