ኤንቪዲኤ እና ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በዓይነ ስውር ፕሮግራመር እጅ

ጅማ ላይ ኮድ መጻፍ ለሚማሩ ዓይነ ስውራን ወጣቶች በመጀመሪያ የምመክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓይነ ስውሩ አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን የጀመረውን፣ ዛሬም ያለ ክፍያ የሚሰራጨውን ኤንቪዲኤ የተባለ የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በማያ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። በፍላሽ ተጭኖ የሚሠራ ቅጂ ስላለው፣ የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪም በኢንተርኔት ቤት ማሽን ላይ ሊጠቀምበት ይችላል።

ፓይተን ለሚጽፍ ሰው ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። በዚህ ቋንቋ መስመሩ ከግራ ጠርዝ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚጀምር የፕሮግራሙን ትርጉም ስለሚወስን፣ ኤንቪዲኤ ይህንን በንግግር፣ ወይም መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ መጠን እየቀጠነ በሚሄድ ድምፅ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይቻላል። ኤንቪዲኤ ሲጫን ይህ ምርጫ ጠፍቶ ስለሚመጣ መምህራን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያበሩት ይገባል፤ ቅንፍና ነጥቦች ሁሉ እንዲነበቡም የሥርዓተ ነጥቡን ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከእርሱ ጋር የሚጣመረው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም ነፃ ሲሆን፣ ጠቋሚው ስህተት ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ በድምፅ ያስጠነቅቃል፤ ኤፍ 8 ቁልፍም ወደሚቀጥለው ስህተት ይወስዳል። ማያ ገጽን በዓይን ለማያስስ ሰው ይህ ከፍተኛ ጊዜ ይቆጥባል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ግን ይከብዳል፤ በዚያ ጊዜ ቀለል ያለው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይሻላል። የኤንቪዲኤ የአማርኛ ድምፅ ደረቅና ለጆሮ አድካሚ በመሆኑ፣ ረጅም የአማርኛ ማብራሪያ ለማድመጥ አልመርጠውም።