ውኃ መለያ ፊልትሮ በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ፦ የ11 ወር ልምዴ

ባለፈው ሰኔ የገጠምኩት ውኃ መለያ ፊልትሮ፣ ማለትም ናፍጣው ውስጥ የገባን ውኃና ቆሻሻ የሚለየው ዕቃ፣ አሁን 11 ወር ሆነው። ከ14000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼበታለሁ። ክረምቱን አልፏል፣ የበጋውን አቧራ ችሏል፣ አባይ በረሃን አራት ጊዜ ወርዶ ወጥቷል። ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም ለመናገር በቂ ነገር አይቻለሁ ብዬ አስባለሁ።

መኪናዬ በፈረንጆች 1996 የተሠራች ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት። 75 የሚባለው ሞዴል። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደሩ ዋን ኤችዚ ነው። 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ገጠር ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች። እወዳታለሁ። የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ እንደ እሷ ያሉ ስንት መኪናዎች ያለ ጥፋታቸው ፖምፓቸው (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ) እንደሚፈታ ስላየሁ።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ወደ ደጀን ዳገቱን ጀመርኩ። ግማሽ ሳልደርስ መኪናዋ ጉልበት አጣች። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ። ነዳጅ ብረግጥም መልስ የለም። ከዚያ ቀስ ብላ ጠፋች። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ከኋላዬ ከባድ መኪና ጡሩንባ ይነፋል። ዳር ይዤ ቆምኩ። 15 ደቂቃ ያህል ቆይቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ደግማ ጠፋች። እንደዚህ እያልኩ ደጀን ደረስኩ።

ደጀን ላይ ያየኝ ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈረደ፦ «ፖምፓው ሄዷል፣ ይውረድ»። የጠሩልኝን ዋጋ ስሰማ ደነገጥኩ። አጠገባችን ሻይ የሚጠጡ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። «ልጄ፣ ፖምፓውን ከማስወረድህ በፊት ነዳጁ ፖምፓው ጋ መድረሱን እይ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ነው የማየው?» አልኳቸው። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን አስከፈቱኝ። የታንከሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ሲከፈት አየር ሲገባ ይሰማ ነበር። ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ቁልፍ አስከፍተው ፖምፓው ላይ ያለችውን ነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ አዳመጡ። «ቀጭ» አለች። ደህና ናት። «እንግዲህ ቀሪው መንገዱ ነው» አሉኝ። ቀስ እያልኩ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

«መንገዱ» ያሉት ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። በዚህ ሞተር ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ነዳጁን ወደ ፊት የሚገፋ ፓምፕ የለም። ከኋላ ጀምሮ የሚስበው ራሱ ዋናው ፖምፓ ነው፤ በሆዱ ውስጥ ባለች ትንሽ መሳቢያ። ለስላሳ በስትሮ እንደ መጠጣት አስቡት። ስትሮው ከታች ከተደፈነ ጉንጫችሁ እስኪሰረጉድ ትስባላችሁ፣ የሚመጣው ግን ትንሽ ነው። ስትሮው ከተቀደደ ደግሞ ያለ ድካም ትስባላችሁ፣ የሚመጣው ግን አየር ነው። ውጤቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጉልበት ያሳጣሉ፣ ሁለቱም ሞተር ያጠፋሉ። በሽታቸው ግን ተቃራኒ ነው። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ናፍጣም አትጠብቁ። ሞተሩ ሲሠራ ቱቦው ወደ ውስጥ ነው የሚስበው፤ ነዳጅ ሳይወጣ አየር ይገባል።

የእኛ አገር ከፍታም ይጨመርበት። ነዳጁን ከታንከር ወደ ላይ የሚገፋው በእውነቱ የውጭው አየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ የማይሰማ ትንሽ መደፈን ጣርማ በር ላይ ሊያቆማችሁ ይችላል።

የገዛሁት ዕቃ ቀላል ነው። ከታች ብርጭቆ የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፤ ውኃና ቆሻሻ እዚያ ይዘቅጣል። ከሥሩ ማፍሰሻ ቧንቧ አለች። ውስጡ 30 ማይክሮን ማጣሪያ ገብቷል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ማጣሪያው ደቃቅ ነው። ከላይ ደግሞ ለብቻው የሚሸጠውን የቫኪዩም ጌጅ ጨመርኩበት፤ መስመሩ ምን ያህል በኃይል እንደሚሳብ በቀስት ያሳያል። ከታንከር በሚመጣው መስመር ላይ፣ ከመኪናው የራሱ ፊልትሮ በፊት ነው የታሰረው። የመኪናውን ፊልትሮ እንዳታወጡ፤ ይህ ረዳቱ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም። ሻጩ 10 ማይክሮን ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፣ እምቢ አልኩ። በሚሳብ መስመር ላይ በጣም ደቃቅ ማጣሪያ ማስገባት ራስን ማነቅ ነው። የደቃቁን ሥራ ለዋናው ፊልትሮ ተዉለት። ዕቃው ከነጌጁና ከነማስገጠሚያው ፖምፓ ለማሳደስ ከተጠየቅኩት ገንዘብ ሩቡን አልሞላም።

ጌጁ በመጀመሪያው ቀን ዋጋውን መለሰ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 2 ኢንች ሜርኩሪ (የጌጁ መለኪያ ነው) አሳየ። እንጦጦን ሙሉ ነዳጅ ረግጬ ስወጣ ቀስቱ 9 ላይ ወጣ፣ መኪናዋም ደከመች። ማጣሪያው ገና አዲስ ነው፤ ስለዚህ መደፈኑ ከእሱ በፊት ነው ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ጀሪካን ንጹህ ናፍጣ ፊት ላይ አሰርን፣ የታንከሩን ቱቦ ነቅለን ከጀሪካኑ እንዲስብ አደረግን። ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ቀስቱ ከ2 ንቅንቅ አላለም፣ መኪናዋም እንደ ወጣትነቷ ወጣች። ፖምፓው ጤነኛ ነበር። እውነት ለመናገር እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ሳልባትዮው (ታንከሩ) ወረደ። ነዳጅ የሚሳብበት ብረት ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት በጥቁር አተላ ተጠቅልላለች። ይህ አተላ ዝም ብሎ አፈር አይደለም። ታንከር ሥር ውኃ ሲተኛ በውኃውና በናፍጣው መካከል ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሚፈጥሩት ዝልግልግ ነገር ነው። አባይ ላይ ከ15 ደቂቃ በኋላ የምትነሳበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ። ሞተሩ ሲስብ አተላው ወንፊቷ ላይ ይለጠፋል። ሲጠፋ ይለቅና ተመልሶ ታንከር ሥር ይተኛል። የእናንተ መኪና ዳገት ላይ ጠፍታ፣ አርፋ ደህና የምትሆን ከሆነ መጀመሪያ ታንከሩን ጠርጥሩ። ታንከሩ ታጠበ፣ ወንፊቷ ጸዳች፣ እዚያው ዳገት ላይ ቀስቱ 3 ላይ ቆመ።

በክረምቱ ሌላ ነገር አየሁ። ነሐሴ ላይ ነዳጅ ጠፍቶ ከበርሜል በጀሪካን ገዛሁ። አማራጭ አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ሙሉ ውኃ ተኝቷል። ናፍጣው ከላይ ቢጫ፣ ውኃው ከታች ጥርት ያለ፣ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ዳሽቦርድ ላይ ያለው የውኃ መብራት ገና አልበራም ነበር፤ ውኃው እሱ ጋ ስላልደረሰ። ይህ ዓይነቱ ፖምፓ ሌላ ቅባት የለውም፣ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውኃ ከገባው ይዝጋል፣ ይቧጠጣል። ያን ቀን ያፈሰስኩት ውኃ ፖምፓ ውስጥ ቢገባ ኖሮ የደጀኑ ፍርድ እውነት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ማስነሳት አስቸገረኝ። ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ ይዞራል፣ ትነሳለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ደህና ትሆናለች። አየር እየገባ ሌሊት ነዳጁ ወደ ታንከር ይመለሳል ማለት ነው። ጌጁን አየሁት፤ ቀስቱ ከወትሮውም ዝቅ ብሏል። ቀስት ከፍ ሲል መታነቅ ነው፤ ቀስት ሳይነሳ መኪና ሲደክም ግን አየር ነው። ብርጭቆው ላይ አረፋ ፈለግሁ፣ ምንም የለም። እዚህ ላይ ዕቃው ሊያሳስት ይችላል። አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፣ ከሞላ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። ብርጭቆው ንጹህ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሔው የአንድ ክንድ ያህል የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። መጀመሪያ ከፖምፓው በፊት አሰርኩት፤ አረፋ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ በየመገጣጠሚያው መካከል አሰርኩት። ከውኃ መለያው በፊት ስሆን አረፋው ጠፋ። የሚያስገባው ራሱ አዲሱ ዕቃ ነበር! ማጣሪያ ስቀይር የክዳኑን ኦሪንግ ደረቁን አስቀምጬው ተጠማዞ ኖሯል። ናፍጣ ቀብቼ መልሼ ገጠምኩት፣ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣሁ፣ በማግስቱ በአንድ ንክኪ ተነሳች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግን ዕቃው በራሱ መስመሩ ላይ ተጨማሪ መገጣጠሚያዎች ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ አለባችሁ። እያንዳንዱ ፋሸታና ኦሪንግ አየር ሊያስገባ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ያ የሚያሳይ ቱቦ ከመኪናው አይወጣም። ቋሚ አድርጋችሁ ግን አትተዉት፤ ሙቀትና ናፍጣ ያደርቁታል፣ ይሰነጠቃል። ለምርመራ ብቻ ነው።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች አሉ። ብርጭቆው ከ11 ወር በኋላ ትንሽ ቢጫ ሆኗል፤ እስካሁን ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ ማፍሰሻውን ብትከፍቱት ውኃው አይወርድም፣ አየር ይስባል፤ አጥፍታችሁ አፍስሱ። ከሥር ሻሲው ላይ ማሰር የሚቀልላቸው መካኒኮች አሉ፤ አትስማሙ። ጠጠር አንድ ቀን ይሰብረዋል። እኔ ኮፈን ውስጥ፣ ከማርሚታው ቱቦ ርቆ እንዲታሰር አድርጌያለሁ። ማጣሪያ ስትገዙ ደግሞ አስተውሉ። አንድ ጊዜ ርካሽ አግኝቼ ገዛሁ፤ ካርቶኑ አንድ ዓይነት ነው፣ የውስጡ ላስቲክ ግን ቀዳዳውን አይሞላም። ነዳጁ ሳይጣራ በጎን ያልፋል ማለት ነው። መለስኩት።

ይግዛ የምለው ለማን ነው? ከከተማ ወጥቶ ለሚሠራ፣ ከበርሜል መግዛት ለሚገደድ፣ መኪናው ያለ መግፊያ ፓምፕ ለሚስብ ሰው። አዲስ አበባን ለማይለቅ ሰው ግን ያሉትን የላስቲክ ቱቦዎች መቀየር ይቀድማል። ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ላስቲክ ፋሸታው ሥር ተሰንጥቆ ከውጭ ደህና ይመስላል። የእጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ላስቲክም በዕድሜ ይደርቃልና አብሮ ይታይ።

ትናንት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ብርጭቆው ንጹህ ነው። ቀስቱ ሚኒሞ ላይ 2 ሳይሞላ ቆሟል። ሰኔ ሲገባ ማጣሪያውንና የክዳኑን ኦሪንግ አብሬ እቀይራለሁ። ሁለቱም ተገዝተው ቤት ተቀምጠዋል።